በዋልዝ መካከል ቦምቦሊኖ አይበላም

(ቪየና፤ የቅበላ የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ዋልዝ በሚጨፍርበት የሰፈሩ የበረዶ ሜዳ ዳር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ስለት ያለው የሸርተቴ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ካዬታን ጡረታ የወጣ የትራም ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ኢንስፔክተር ነው፤ ቆሻሻ ሊደፋ ሲወጣ እንኳ ክራቫት ያስራል። ቬንዘል አርባ ዓመት የቪየናን ጭስ ማውጫ ሲጠርግ የኖረ ነው። ጉንጩ አብጧል፤ ያሳበጠውም ቦምቦሊኖ ነው።)

ካዬታን፦ ደግሜ እልሃለሁ፣ በዋልዝ መካከል ቦምቦሊኖ አይበላም!

ቬንዘል፦ ዋልዙ መች ተጀመረና?

ካዬታን፦ ዋልዝ ጆሮ ላይ ከመጀመሩ በፊት ልብ ውስጥ ይጀመራል።

ቬንዘል፦ ቦምቦሊኖው የገባው ሆዴ ውስጥ ነው። አይገናኙም።

ካዬታን፦ አገጭህን ጥረግ። ማርማላታ ይዞሃል።

ቬንዘል፦ እሱን ለኋላ ብዬ ነው።

ካዬታን፦ ወይ ፈጣሪ! ይህን አገጭ ነው እኔ በፍቅር ዓይን የማየው?

ቬንዘል፦ በፍቅር? እንዴ ኢንስፔክተር!

ካዬታን፦ ለልምምዱ! ለልምምዱ ነው የምልህ! ከገና ወዲህ በየሐሙሱ ስንለፋ ከርመን ዛሬም ይህን ላስረዳህ? እኔ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ አብረውኝ እንዲጨፍሩ የምመኛቸው ወይዘሮ ኦቲሊ ነህ።

ቬንዘል፦ ጢሜስ?

ካዬታን፦ ጢምህን እርሳው።

ቬንዘል፦ እኔስ እረሳዋለሁ። አንተ ትችላለህ?

ካዬታን፦ የጥበብ ሰው የሌለውን ያያል፤ ያለውን አያይም።

ቬንዘል፦ ለዚህ ነዋ ባለፈው ሐሙስ ከአጥሩ ጋር የተላተምነው።

ካዬታን፦ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ ምንድን ነው?

ቬንዘል፦ ሁለተኛው ቦምቦሊኖ።

ካዬታን፦ ሁለት ልትበላ?

ቬንዘል፦ ኧረ እሱ የሰው ነው።

ካዬታን፦ የማን ሰው?

ቬንዘል፦ ቦምቦሊኖ የሚወድ ሰው።

ካዬታን፦ አየህ፣ ሰው ስለ ነፍስ ሲያወራህ አንተ ስለ ሊጥ ታወራለህ። ስማኝ ቬንዘል፣ ዛሬ ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል፣ ሜዳው ይዘጋል፣ በረዶው ይቀልጣል። የዛሬው የመጨረሻ ዋልዝ ምንድን ነው?

ቬንዘል፦ የሴቶች ምርጫ። ሴቷ ትመርጣለች፣ ወንዱ እምቢ አይልም።

ካዬታን፦ የተመረጠውስ?

ቬንዘል፦ ነገ ማታ በጾም መግቢያው የዓሣ ግብዣ ላይ ከጎኗ ይቀመጣል።

ካዬታን፦ እንግዲህ! ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ያን ዓሣ በየዓመቱ የምበላው ከግድግዳ ጋር ነው።

ቬንዘል፦ ከእኔ ጋር ነው እንጂ የምትበላው።

ካዬታን፦ አንተስ ከግድግዳ በምን ትሻላለህ? ግድግዳ እንኳ አጥንቱን ሰው ሳህን ላይ አይተፋም። (ድምፁ ዝቅ ይላል) ዘንድሮ አልችልም፣ ቬንዘል። ዘንድሮ አንድ ሰው «ጨው አቀብለኝ» እንዲለኝ እፈልጋለሁ።

ቬንዘል፦ ኦቲሊ እኮ ጨው አትወድም።

ካዬታን፦ ወይዘሮ ኦቲሊ! እሳቸው በል! ደግሞ አንተ በምን አወቅክ?

ቬንዘል፦ እንዲያው ሳስበው።

ካዬታን፦ አታስብ። ለማሰቡ እኔ አለሁ። ባለፈው እሑድ በትኩስ ወይን መሸጫው ድንኳን በኩል ስናልፍ ምን አሉ? «እናንተ ሁለታችሁ ስትጨፍሩ ማየት እንዴት ደስ ይላል» አሉ። «ሁለታችሁ» ያሉት ይሉኝታ ይዟቸው ነው።

ቬንዘል፦ አንድ ነገር ብጠይቅህስ?

ካዬታን፦ አጭር ከሆነ።

ቬንዘል፦ እሳቸው በዋልዝ ላይ በወንዱ መመራት ይወዳሉ?

ካዬታን፦ ሴት ሁሉ በዋልዝ መመራት ትወዳለች።

ቬንዘል፦ ጠይቀሃቸዋል?

ካዬታን፦ ይሄ ይጠየቃል እንዴ! ይታወቃል እንጂ!

ቬንዘል፦ እሺ። ይታወቃል።

(ከሜዳው ወፍራም፣ የሚጎተት ድምፅ ይሰማል። ካዬታን ዓይኑን ይጨፍናል።)

ካዬታን፦ እስ! ሰማኸው? ያ ወፍራም ድምፅ… አንዲት ነፍስ ስትቃትት! ትልቁ ቫዮሊን ነው። ዋልዝ ማለት ይኼ ነው፣ ሱፍ የለበሰ ሐዘን። ሆድህን አላባባውም?

ቬንዘል፦ በረዶ ማለስለሻው መኪና ነው።

ካዬታን፦ (ዓይኑን ይገልጣል፤ መኪናውን ያየዋል) ቢሆንስ? እሱም ይቃትታል።

ቬንዘል፦ ዘይት እንዲቀየርለት ይሆናል።

ካዬታን፦ ተነሥ! ወደ በረዶው!

(ይገባሉ። ቬንዘል ገና በሩ ላይ ይንገዳገድና የካዬታንን ክራቫት ይጨብጣል።)

ካዬታን፦ ክራቫቴን! አንቀህ ልትገድለኝ ነው? አርባ ዓመት ከጣሪያ ጣሪያ ስትዘል አንድ ቀን ያልወደቅክ ሰው፣ እዚህ ሜዳ ላይ ምን ነካህ?

ቬንዘል፦ ጣሪያ ላይ የሚይዘኝ አልነበረም። ሰው የሚይዘው ካለ ይወድቃል።

ካዬታን፦ ቀጥ በል። አሁን ስሜት። መጀመሪያ ናፍቆት፣ ፊትህ ላይ አምጣው።

(ቬንዘል ፊቱን ያጨማድዳል።)

ካዬታን፦ ይሄ ናፍቆት ነው ወይስ የጥርስ ሕመም?

ቬንዘል፦ የናፈቀኝ ጥርሴ ነው። ደህና ጥርስ ነበር።

ካዬታን፦ እኔን እየኝ። (እሱም ፊቱን ያጨማድዳል) ናፍቆት ይህ ነው።

ቬንዘል፦ አንተንስ የቱ ጋ ነው ያመመህ?

ካዬታን፦ ተወው! ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዝ። ከበሩ ስንነሣ ናፍቆት። መዞሪያው ጋ ስንደርስ ቀላል ተስፋ መቁረጥ። በወይን ድንኳኑ ፊት ስናልፍ ፍቅር።

ቬንዘል፦ ፍቅሩ ለምን ድንኳኑ ጋ ሆነ?

ካዬታን፦ ወይዘሮ ኦቲሊ የሚቀመጡት እዚያ ነዋ!

ቬንዘል፦ ፍቅሩ ቀደም ብሎ መዞሪያው ላይ ቢመጣብኝስ?

ካዬታን፦ ድንኳኑ እስኪደርስ አፍነህ ትይዘዋለህ። ስሜትም ፌርማታ አለው፤ በየመንገዱ አይወረድም።

ቬንዘል፦ መዞሪያው ላይማ ሳትነግረኝም ተስፋ እቆርጣለሁ። አንተ መቆም አትችልም።

ካዬታን፦ እጅህን ትከሻዬ ላይ። እንደ ሴት!

ቬንዘል፦ እንደ የትኛዋ?

ካዬታን፦ እንደምትወደኝ ሴት!

ቬንዘል፦ እንዲህ?

ካዬታን፦ ይሄ እንደ ፖሊስ ነው። ላላ አድርገው። እንግዲህ ልብ በል፣ አንድ ሲል ጉልበት ይታጠፋል፣ ሐዘን ነው። ሁለት ሲል ቀና ይባላል፣ ተስፋ ነው። ሦስት ሲል ይንሳፈፋል፣ ፍቅር ነው።

ቬንዘል፦ ከዚያስ?

ካዬታን፦ ከዚያማ እንደገና ሐዘን።

ቬንዘል፦ እንደ ትዳር ነው በለኛ።

(ከድምፅ ማጉያው ዋልዝ ይጀምራል። ካዬታን ወደ ፊት፣ ቬንዘል ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ።)

ካዬታን፦ አንድ… ሁለት… ምን ትጎትተኛለህ!

ቬንዘል፦ ሁለተኛዋ መጣች እኮ።

ካዬታን፦ አልመጣችም።

ቬንዘል፦ መጥታ አለፈች። የእኛ አገር ዋልዝ እንደዚያ ነው፤ ሁለተኛዋ ምት ትቸኩላለች።

ካዬታን፦ ምን ሆና ትቸኩላለች? ዘመኔን ሙሉ ስቆጣጠር አንዲት ትራም ከሰዓቷ በፊት ከፌርማታ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ለአንዲት የቫዮሊን ምት ልፈቅድላት ነው?

ቬንዘል፦ ሙዚቃው ግን ተነሥቷል።

ካዬታን፦ ቆሞ ይጠብቀኝ!

ቬንዘል፦ እንጃ። የናፈቀ ሰው ቀድሞ ነው የሚመጣው። እኔ እሷን ስሰማ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

ካዬታን፦ ፍልስፍናህን ተውና ወደ ኋላ ተንሸራተት። ቀጣዩ መዞሪያ ነው፣ በስተግራ!

ቬንዘል፦ ወደ ኋላ ስሄድ ምንም አይታየኝም።

ካዬታን፦ ማየት አያስፈልግህም። እኔ አይልሃለሁ።

ቬንዘል፦ ከኋላዬ ያለችው ወፍራም ሴትዮስ?

ካዬታን፦ የቷ ሴት…?

(ይጋጫሉ። ሴትዮዋ እየተሳደበች ትሄዳለች። ቬንዘል ትንሽ ይቆይና፣ አስቦበት የተቀመጠ በሚመስል አኳኋን፣ ይወድቃል፤ ካዬታንንም ይዞት ይወርዳል።)

ካዬታን፦ ወገቤን! ልቀቀኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

ቬንዘል፦ ወረቀቱ አንተ መሆንህ ነው?

ካዬታን፦ ተነሥ! ሰው ያየናል። ከመዞሪያው እንደገና።

ቬንዘል፦ ከሴቷ መዞሪያ፣ እኔ ከምዞርበት?

ካዬታን፦ ከሴቷ መዞሪያ! እስክትችለው ድረስ!

ቬንዘል፦ አንተ ካልክ እሺ።

(ይነሣሉ፤ ደግመው ይሞክራሉ። ቬንዘል ደግሞ ይወድቃል።)

ካዬታን፦ እንደገና!

ቬንዘል፦ ካላስቸገርኩህ።

ካዬታን፦ አሁን ዓይንህን ጨፍን። የምትወደው ሰው እንደያዘህ አስብ። እኔም አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ቃል የለም።

(ሁለቱም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይንሸራተታሉ። አንዴ እንኳ ከማንም ሳይጋጩ መዞሪያውን ያልፋሉ፤ በድንኳኑ ፊትም እንደ ላባ ያልፋሉ። ከድንኳኑ ጭብጨባ ይሰማል። ሙዚቃው ያልቃል።)

ካዬታን፦ (እያለከለከ) አየህ! አየህ ስሜት ማለት! ፊትህ እንዴት እንደበራ! ማንን አሰብክ?

ቬንዘል፦ አንተስ?

ካዬታን፦ ወይዘሮ ኦቲሊን ነዋ!

ቬንዘል፦ ጥሩ ሰው ናት።

ካዬታን፦ ናቸው! እንግዲህ የቀረው የንግግሩ ክፍል ነው። እሳቸው ሲመርጡኝ፣ በመጀመሪያው ዙር ላይ እንዲህ እላቸዋለሁ። (ጉሮሮውን ይጠርጋል) «ወይዘሮ ኦቲሊ፣ እርስዎ በልቤ ሐዲድ ላይ የመጨረሻዋ ፌርማታ ነዎት!»

ቬንዘል፦ ሁሉም ሰው ጥሎ የሚወርድባት?

ካዬታን፦ አይደለም! ከእርሷ ወዲያ መሄጃ የሌለ ማለት ነው!

ቬንዘል፦ እዚያማ ባዶውን ትራም ይጠርጉታል።

ካዬታን፦ ታዲያ አንተ ብትሆን ምን ትላቸዋለህ? እስቲ፣ ሊቁ!

ቬንዘል፦ «ቦምቦሊኖ ይበላሉ?» ነዋ።

ካዬታን፦ (ከልቡ ይስቃል) ቦምቦሊኖ ይበላሉ! ወይ ቬንዘል፣ ሚስት ሳታገባ የቀረኸው ወደህ አይደለም።

(ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል፦ «ክቡራትና ክቡራን! የዘንድሮው የመጨረሻ ዋልዝ! የሴቶች ምርጫ!» ሜዳው ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ሁሉ በአጥሩ በኩል ይሰለፋሉ፤ ሆድ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል።)

ካዬታን፦ እሳቸው ተነሡ! ከድንኳኑ ተነሡ! ወደዚህ ነው የሚመጡት! ክራቫቴ?

ቬንዘል፦ ቀጥ ብሏል።

ካዬታን፦ ፊቴስ?

ቬንዘል፦ ናፍቆት ነው።

ካዬታን፦ የጥርስ አይመስልም?

ቬንዘል፦ ትንሽ።

ካዬታን፦ ራቅ በልልኝ እንጂ፣ ከእኔ ጋር ያለህ እንዳይመስላቸው! (እጁን ይዞ ያስቀረዋል) አይ፣ አትራቅ። እዚሁ ቁም።

(ወይዘሮ ኦቲሊ ትመጣለች፤ ረጅም ናት፣ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጋለች። ካዬታን እጁን ዘርግቶ ይጠብቃታል። በፈገግታ ራሷን ነቅንቃለት ታልፈዋለች። ቬንዘል ፊት ትቆማለች። ግራ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ፣ ወንዶች እንደሚያደርጉት ዝቅ ብላ እጅ ነሥታ፣ ቀኝ እጇን ትዘረጋለታለች።)

ካዬታን፦ (በሹክሹክታ) ንገራቸው! ሰው ተሳስተዋል በላቸው!

ቬንዘል፦ እምቢ አይባልም። ሥርዓት ነው።

ካዬታን፦ የወንዱን እርምጃ አታውቅም እኮ! በሩን ሳታልፍ ትጥላቸዋለህ!

ቬንዘል፦ እሷ ታውቀዋለች።

ካዬታን፦ ምኑን?

ቬንዘል፦ የወንዱን። (ኮፍያውንና ከረጢቱን ያስይዘዋል) ይህን ያዝልኝማ።

(ዋልዙ ይጀምራል። ኦቲሊ ትመራለች፤ ቬንዘል ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ እንደ ዳክዬ በውኃ ላይ። ሜዳውን እየዞሩ በካዬታን ፊት በተመላለሱ ቁጥር፣ ቬንዘል አንዳንድ ቃል ጣል አድርጎለት ያልፋል።)

ካዬታን፦ (አጥሩን ይዞ) የወንዱን የት ተማሩት?

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት! ወንድ አልነበረም! ረጅሟ እሷ ነበረች!

ካዬታን፦ (ሲመለሱ) አንተስ በምን አወቅክ?

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) ጠየቅኳታ!

ካዬታን፦ (ሲመለሱ) መቼ?

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) ገና ሰሞን! ቦምቦሊኖ ይበላሉ ወይ አልኳት! ትበላለች!

ካዬታን፦ (ለራሱ) ገና ሰሞን… ገና ሰሞን… ሴቷን ሁንልኝ ስለው ወዲያው እሺ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በቡጢ ነበር የሚለኝ። እኔ ደግሞ የዋህ ነው ብዬ… (ሲመለሱ ይጮኻል) አንተ ሰውዬ! ሴቷን የሚሆን ሰው ነበር የሚፈልጉት?

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) ስንት ዘመኗ! ወንዱ ሁሉ ልምራሽ ነው የሚላት! ምሪኝ ያላት የለም!

ካዬታን፦ (ሲመለሱ) ያስተማርኩህ እኔ ነኝ!

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) እግዜር ይስጥልኝ! እሷም ጎበዝ አስተማሪ ነው ብላሃለች!

ካዬታን፦ (ሲመለሱ) ያን ሁሉ ስትወድቅስ? ወገቤ እስኪቆረጥ ያነሣሁህስ?

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) «ከሴቷ መዞሪያ እንደገና» እንድትለኝ ነዋ! አርባ ዓመት ጣሪያ ላይ የኖረ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል ብለህ አመንክ?

ካዬታን፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ! (ድንገት አንድ ነገር ትዝ ይለዋል፤ ሲመለሱ) ቆይ! ዓይንህን ጨፍነህ ያሰብከው…

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) አንተ ያሰብካትን!

ካዬታን፦ ሁለታችንም? ተቃቅፈን?

ቬንዘል፦ (ከሩቅ) ለዚያ ነው ያማረብን!

(ካዬታን አጥሩ ላይ ይደገፋል። ሙዚቃው ቀጥሏል። ሳያውቀው በጣቱ እንጨቱን ይመታል።)

ካዬታን፦ (ለራሱ) አንድ… (ጣቱ ይቆማል) ቀደመች። እውነቱን ነው፣ ሁለተኛዋ ቀደመች። እኔ በሰዓቷ ልቀበላት ቀጥ ብዬ ቆሜ… (ደረቱን ይይዛል) ያማል እኮ! ዕድሜ ልኬን ዋልዝ ያሳዝናል እያልኩ ሰው ሳስተምር፣ አንድ ቀን እንኳ አሳዝኖኝ አያውቅም ነበር።

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ፤ አሁን ፈገግታው የለም) ኢንስፔክተር! በነገው ግብዣ በግራዋ በኩል ወንበር አለ ትልሃለች!

ካዬታን፦ አልመጣም! ከግድግዳው በኩል ልታስቀምጡኝ!

ቬንዘል፦ (ሲመለሱ) ግድግዳው በእኔ በኩል ነው!

(ካዬታን በክራቫቱ ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። አንድ ሙሉ ዙር ያልፋል።)

ካዬታን፦ (ሲመለሱ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየ) በስንት ሰዓት ነው?

ቬንዘል፦ (ሲያልፍ) አንድ ሰዓት ላይ! ግን ቀደም ብለህ ና!

ካዬታን፦ (ለራሱ) ቀደም ብለህ ና አለኝ። እኔን! (በእጁ ያለው ከረጢት ትዝ ይለዋል። ከፍቶ ያየዋል። ግራና ቀኙን ይቃኛል። ቦምቦሊኖውን ያወጣና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በትልቁ ይገምጣል። ማርማላታው አገጩ ላይ ይወርዳል።)

ቬንዘል፦ (ከሜዳው ወዲያ ማዶ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ) ኢንስፔክተር! በዋልዝ መካከል ቦምቦሊኖ አይበላም!